የአያ ሙሄ ጥርስና የቅሬው ብስክሌት

በእኛ ሰፈር ሰው የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ሲመልስ የምንላት ነገር አለች። መምህሩ የወንዝ ስም ጠይቆት ተማሪው የተራራ ስም ከጠራ፣ ሚስት «ከሰል ገዛህ ወይ?» ብላው ባል ስለ ዝናቡ ማውራት ከጀመረ፣ ይቺው ተረት ትወረወርበታለች። በቀደም ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ሰምቷት፣ «መቼም የጥንት አባቶች የማይሉት የለም» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ፣ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ይቺ ተረት የጥንት አባት የላትም። አባቷ አያ ሙሄ ነው፤ ትናንት እንኳ በሽንኩርት ዋጋ ሲነታረክ ታይቷል። እናቷ ደግሞ ኮምቦልቻ የብስክሌት ዕቃ የምትሸጠው ሰዓዳ ናት። ክፉ አታስቡ፤ የተገናኙት በስልክ ነው።

ሰፈራችን ከደሴ ወጣ ብሎ ጦሳ ተራራን የተደገፈ ነው። ታች ሰፈር አስፋልቱን ተከትሎ ተኝቷል። ላይ ሰፈር ደግሞ ፍየል እንኳ አስባበት የምትወጣውን ዳገት ጨርሶ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ኮረኮንች መንገድና አንድ ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የቅሬው ጥሩምባ ነፊ አያ ሙሄ ነው። ሰው ሲሞት፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ የምንጭ ጠረጋ ሲደርስ፣ ከታች እስከ ላይ እየዞረ የሚለፍፈው እሱ ነው።

ዕድሜውን በሙሉ ይህን ዳገት በእግሩ ሲወጣ ሲወርድ ኖረ። በኋላ መንገድ ሊሠሩ መጥተው የነበሩ መሐንዲሶች ሥራቸውን ጨርሰው ሲለቁ፣ አንድ የተራራ ብስክሌት ለቅሬው አበርክተው ሄዱ። ጎማው ወፍራም፣ ፍሬኑ ኃይለኛ ነው። ፔዳሉ ጋ ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለት ጥርሳም ክቦች አሉት፤ ትልቁ ለሜዳና ለቁልቁለት፣ ትንሹ ለዳገት። ባለሙያዎቹ «ጥርስ» ይሏቸዋል፤ ባለ አንድ ጥርስ፣ ባለ ሁለት ጥርስ እያሉ። እኛ ሰፈር ግን ማንም እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ክብ ስለሆኑ ሰሃን ነው የምንላቸው፤ ትልቁ ሰሃን፣ ትንሹ ሰሃን። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ብስክሌቱ አንድ ዓመል ነበረበት። ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ ካቴናው ዘሎ ይወልቃል። አንድ ቀን አያ ሙሄ የቀብር ጥሪ ይዞ ከላይ ሰፈር በታች ካለችው ቁልቁለት ሲወርድ ካቴናው ወለቀ፣ ፔዳሉ ባዶውን ዞረ፣ ሰውየው በግንባሩ ሄደ። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ጥሩምባ ተገልብጦ አፉን መታው። ከፊት ከቀሩለት ሁለት ጥርሶች አንዱ እዚያው ድንጋይ መሃል ቀረ። የካቴናውን ጭቃ ጠርጎ፣ የአፉን ደም ተጉመጥምጦ ቀሪዎቹን ቤቶች እስኪያዳርስ፣ ከተጠሩት እኩሌቶቹ የደረሱት ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ደምለው ናቸው። የአሰብን መንገድ በተሳቢ መኪና ሲመላለሱበት ያረጁ፣ የዘገየ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን አያ ሙሄን ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሙሄ ወንድሜ፣ አንተን የሚጠላህ የለም። ግን ካቴና እስኪገባ ሬሳ አይጠብቅም።»

«ካቴናውን እኔ አልሠራሁት ጋሽ ደምለው።»

«እሱስ እውነት ነው። ለዚህ ነው ባጃጅ ያሰብነው። ድምፅ ማጉያ ጣራው ላይ እናስርና ሹፌሩ እንደተቀመጠ ይለፍፋል።»

«ላይ ሰፈርስ? ያንን ዳገት ባጃጅ ይወጣዋል?»

«ድምፁ ይወጣዋል» አሉ ጋሽ ደምለው።

ነገሩ ለእሑዱ ጠቅላላ ስብሰባ ተቀጠረ። የቅሬው ደንብ አጭር ነው፤ እጅ ሲወጣ የተገኘ ይቆጠራል፣ ያልተገኘ ይቀራል። ታች ሰፈር ባጃጁን ወዷል፤ አስፋልት ዳር ለሚኖር ሰው ባጃጅ ምን ይከፋዋል? ላይ ሰፈር ግን አንድም ሳይቀር የአያ ሙሄ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጃቸው ነው፣ ደግሞም ከሩቅ የሚጮህ ቆርቆሮ አይፈልጉም። እንግዲህ የአያ ሙሄን ዕጣ ተመልከቱት። ላይ ሰፈሮች በሰዓቱ ከወረዱ ጥሩምባው የእሱ ነው፤ ካልወረዱ የባጃጁ ነው። እነሱን የሚጠራቸው ደግሞ ራሱ ሙሄ ነው፣ በዚያው ብስክሌት።

ጥሩምባው የአባቱ ነበር። ሰው ሁሉ «የጥሩምባው ልጅ» እያለ ነው ያሳደገው። ሌላ ሰው ሲለፍፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማበትን ቀን ሲያስበው እህል አልወርድ አለው።

ሰፈራችን ውስጥ ብረት የሚበይደው አስማረ መላ አመጣ።

«ካቴና የሚይዝ ነገር አለ አያ ሙሄ። እንደ በቅሎ ልጓም በለው። ሰሃኑ አፍ ላይ ይታሰርና ካቴናው ልዝለል ሲል ይመልሰዋል። ኮምቦልቻ ሰዓዳ ጋ አይጠፋም። ብቻ ዝም ብለህ አታስልክ፤ እንደየብስክሌቱ ስለሚለያይ አስመርጣት።»

አያ ሙሄ ቤቱ ገብቶ ደወለ።

«ሰዓዳዬ፣ እንዴት ከረምሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። አያ ሙሄ፣ ወድቀህ ነበር አሉ?»

«ወድቄ ነበር። ካቴናው እየወለቀ መከራዬን አሳየኝ። አሁን ያንን ልጓም የሚሉትን፣ ካቴና መያዣውን እንድትልኪልኝ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እሱ እኮ ዓይነት ዓይነት አለው...» እያለች፣ ከሱቋ ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባውን ለቀቀው። መኪናው እስኪያልፍ ከተናገረችው እኩሌታው በነነ። ለአያ ሙሄ የደረሰው ጫፉ ብቻ ነበር፤ «...ጥርሱስ? ከፊት ስንት ነው?»

አያ ሙሄ ከወደቀ ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ የጠየቀው ስለ ብስክሌቱ ነው። ዳኛው የጠየቁት ስለ ጥሩምባው ነው። ስለ ጥርሱ የጠየቀ አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም ኮምቦልቻ።

«ሁለት ነበር እህቴ። አንዱ ወለቀ። አሁን በአንዱ ነው ያለሁት።»

«የቀረው የትኛው ነው?»

«ትልቁ።»

«ትንሹን አታስመልሰውም? ትቸገራለህ እኮ።»

«ምን እቸገራለሁ። ጠንካራ ጠንካራውን ትቼ በለስላሳው እገፋለሁ።»

«እሱስ አሁን በአንድ መሄድ ፋሽን ሆኗል።»

አያ ሙሄ ስልኩን ከጆሮው ነጥሎ አየውና መልሶ ለጠፈው።

«ምን ሆኗል አልሽኝ?»

«ፋሽን። ወላሂ፣ ፈረንጆቹ ደህናውን ሆን ብለው ነው የሚያስወልቁት። ቀለል ይላል ይላሉ።»

«ለእኔስ ቁልቁለቱ በነጻ ነው ያወለቀልኝ» አለ አያ ሙሄ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ብልጭ ብሎበት።

ሰዓዳ ሳቀች። «እንግዲያው አብሽር። ለባለ አንድ የሚሆነውን፣ ጠበቅ ያለውን እልክልሃለሁ። እሱ አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

«እሱን ነው የምፈልገው፣ የማይለቀውን።»

ስልኩን ዘግቶ ለሚስቱ ለሐዋ፣ ፈረንጅ ለጌጥ ብሎ ጥርሱን እንደሚያስወልቅ ነገራት። ሐዋ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ታዲያ እኛ ዳገት ላይ መጥተው አይወድቁም?» አለች።

ዕቃው በማግስቱ በሚኒባስ መጣ። አስማረ ከካርቶኑ አወጣው፣ ሰሃኑ ላይ ለካው፣ አሰረው፣ ፔዳሉን በእጁ አዞረው። ካቴናው በጠባቧ የብረት በር ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ ዞረ። ማርሹን ሲነካው ግን ካቴናው ወደ ትንሹ ሰሃን ሊወርድ ይሞክርና ብረቱ ጋ ሲደርስ ይመለሳል።

«ይሄ ነገር ጠበበ አያ ሙሄ። ወደ ትንሹ አያሳልፍም።»

«ይወልቃል?»

«መውለቅስ አይወልቅም። በመዶሻ ብትመታውም አይወልቅ።»

«በቃ።»

«ዳገቱስ?»

«አንተ ደግሞ፤ ሰዓዳ መርጣ የላከችውን» አለ አያ ሙሄ። ብስክሌቱን አንስቶ መሬት ላይ አንገጫገጨው። ካቴናው ንቅንቅ አላለም። አስፋልቱ ላይ እየጋለበ ታች ሰፈርን ዞረበት፣ የውሃ መውረጃውን ዘለለበት። ካቴናው እንደ ቃል ኪዳን ጸና። የወደቀ ሰው የሚፈራው የወደቀበትን ብቻ ነው። አያ ሙሄ ካቴናው አለመውለቁን እንጂ ዳገቱን ለማሰብ ልብ አልነበረውም። ሳይሞክረውም እሑድ ደረሰ።

እሑድ ጠዋት ታች ሰፈርን በአንድ ትንፋሽ ዞሮ ጠራ። ጥርሱ ከወለቀ ወዲህ ጥሩምባው መጨረሻ ላይ ፉጨት ይቀላቅላል፤ ታች ሰፈሮች «ሻይ የፈላ መስሎን ወጣን» እያሉ ቀለዱበት። ቀልዳቸውን ተወላቸውና ፊቱን ወደ ላይ አዞረ።

የዳገቱን እግር በግልቢያ መጣና ያዘው። ትንሽ እንደወጣ ፔዳሉ ከበደ። ማርሹን ወደ ትንሹ ሰሃን ገፋው፤ ካቴናው ቀጭ አለና ብረቱን ነክቶ ተመለሰ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ተመለሰ። ከኮርቻው ተነሥቶ ቆሞ ረገጠው። ጉልበቱ እንደ ደረቅ ማገር ሲጮህ ለራሱ ተሰማው። ሌላው ቀርቶ አንዲት ጭድ የተጫነች አህያ ሳትቸኩል አልፋው ሄደች።

«ውለቅ እንጂ» አለው ካቴናውን። «ዛሬ እንኳ ብትወልቅ ምናለ?»

ካቴናው አልወለቀም። አያ ሙሄ ወረደ፣ ገፋ፣ ድንጋዩ እምቢ ሲለው ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አደረገው። በእግሩ ብቻ ቢሆን ድሮ ደርሶ ነበር፤ ብስክሌቱን መንገድ ላይ ጥሎ እንዳይሄድ ደግሞ የቅሬው ንብረት ነው። ሲወጣ፣ ሲያርፍ፣ ሲወጣ፣ ፀሐይዋ በረታች። ስብሰባው ሊጀመር ነው። በዚህ ሰዓት ጋሽ ደምለው ታች ሰፈር መሰብሰቢያው ዛፍ ሥር ወንበራቸውን እያስተካከሉ እንደሆነ ሲያስበው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ ብስክሌቱን አውርዶ ጥሩምባውን አፉ ላይ አደረገ። ትንፋሽ የለም። ነፋ፤ የወጣው ነገር የተረገጠ ጫጩት ድምፅ ይመስላል። የላይ ሰፈሯ ባልቴት እትዬ ጦይባ ከደጃቸው ብቅ አሉ። ሙሄን አዩት፤ ፊቱ ላብና እንባ፣ ብስክሌቱ ላይ ተደፍቷል።

«ሙሄ፣ ልጄ፣ ማነው?» አሉ ቀስ ብለው።

አያ ሙሄ «ስብሰባ» ሊል ነበር። «ስ...» አለና ትንፋሹ አለቀበት። በእጁ ወደ ታች አመለከተ።

እትዬ ጦይባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥሩምባ ሰምተዋል። ጥሩምባ ነፊው ራሱ ስም መጥራት አቅቶት ሲያለቅስ ግን አይተው አያውቁም። ይህ ታላቅ ሰው ነው የሞተው አሉ በልባቸው። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወደ ጎረቤት ዞረውም «ወየው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሚያቆመው አልነበረም። ከየቤቱ ሰው ወጣ። ወገቤን ብሎ የተኛ ተነሣ፣ አራስ ቤት የተቀመጠችው ልጇን ታቅፋ ወጣች፣ ተኳርፈው የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ተቃቅፈው ወረዱ። አያ ሙሄ «ቆዩ፣ ማንም አልሞተም» ለማለት ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ሕዝቡ ዳገቱን ጨርሶ እያለቀሰ ታች ደርሷል።

ታች ሰፈር ዛፉ ሥር ጋሽ ደምለው «እንግዲህ ላይ ሰፈሮች ቀርተዋል፣ ባጃጁን የሚደግፍ...» ብለው እጅ ሊያስቆጥሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ለቅሶ ሰሙ። ቀና ሲሉ ዳገቱ በሙሉ ሰው ሆኗል። እሳቸውም ደንግጠው ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ፤ ተሰብሳቢውም ተነሥቶ አዘቀዘቀ። ሁለቱ ሰፈሮች መሃል ላይ ተገናኙና እየተላቀሱ ተሳሳሙ።

ጋሽ ደምለው እትዬ ጦይባን ደግፈው፣ «እትዬ፣ ማን ሞተባችሁ?» አሉ።

«ሞተባችሁ ትለኛለህ? የሞተው የናንተ አይደለም እንዴ?»

«ከኛማ ማንም አልሞተ።»

ለቅሶው ከፊት እየበረደ፣ ከኋላ ያልሰማው እያለቀሰ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሁሉም ወደ ዳገቱ ዞረ። አያ ሙሄ ብስክሌቱን እየጎተተ ይወርዳል።

«ሙሄ» አሉ ጋሽ ደምለው፣ ያዘቀዘቁትን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፤ «ማንን ገድለህ ነው?»

«ትንፋሽ አጥቼ ነው ጋሽ ደምለው። ማንንም አልገደልኩም።»

«ካቴናው ወለቀብህ?»

«ምነው በወለቀ» አለ አያ ሙሄ። «ይሄ ልጓም አሥሮ ያዘው። ዳገቱን በትልቁ ሰሃን ውጣ አለኝ። ሰዓዳ ናት ጉድ የሠራችኝ፤ የማይሆን ዕቃ ልካ።»

አስማረ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ዳሰሰ። «ይሄማ አንድ ሰሃን ላለው ነው። ነግሬህ ነበር።»

ጋሽ ደምለው ሰው ሳይጠየቅ መፍረድ አይወዱም። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሰዓዳ፣ ደምለው ነኝ፣ የቅሬው ዳኛ። ለሙሄ ብስክሌት ለባለ አንድ ሰሃን የሚሆን መያዣ ልከሽለታል። የሱ ባለ ሁለት ነው። ምነው?»

«ጋሽ ደምለው፣ እኔ ሳልጠይቅ አልላክሁም» አለች ሰዓዳ። «ለባለ ሁለቱማ አፉ ሰፋ ያለ አለኝ፤ ካቴናው ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲሻገር ያሳልፈዋል፣ ከታች ደግሞ እየተንከባለለች የምትወጥረው ትንሽ ጎማ አለችው። የትኛውን ልላክ ብዬ፣ ጥርሱስ ከፊት ስንት ነው ስለው፣ ሁለት ነበር አንዱ ወለቀ አለኝ። የትኛው ቀረ ስለው፣ ትልቁ አለኝ። ትንሹን አታስመልሰውም ብለው፣ በለስላሳው እገፋለሁ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ዛፉ ሥር ያለው ሰው መጀመሪያ ብስክሌቱን አየ። ሁለቱም ሰሃኖች በየቦታቸው ናቸው። ቀጥሎ፣ ማንም ማንንም ሳያዝዘው፣ አያ ሙሄን አየ። አያ ሙሄ ነገሩ እየገባው ሲሄድ አፉ ቀስ እያለ ተከፈተ። ከፊት አንዲት ጥርስ ብቻዋን ቆማለች፤ ትልቋ።

መጀመሪያ የሳቀችው አራሷ ናት። ከዚያ ማን እንደቀጠለ አይታወቅም። አስማረ ብስክሌቱን ይዞ ቁጢጥ አለ። ሐዋ «ፈረንጆቹ ያስወልቃሉ ያለኝ ይሄንን ነው» እያለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ስልኩ ውስጥ ሰዓዳ «ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ?» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።

«እኔኮ ያዘነችልኝ መስሎኝ ነው» አለ አያ ሙሄ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ጋሽ ደምለው ዓይናቸውን ጠርገው እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉ። እጅ እንቁጠር ተብሏል።»

ላይ ሰፈር እንዳለ እጁን ለሙሄ አነሣ። ታች ሰፈሮች መሃል አንዳንዱ ለባጃጅ ያነሣው እጅ ሆዱን ለመያዝ ተመልሶ ወረደ፣ አንዳንዱም አልነሣ አለው። ዳኛው ቆጠራውን አልጨረሱትም።

«ይሄ ቅሬ ከተቋቋመ ላይ ሰፈር እንዲህ ሞልቶ መጥቶ አያውቅም» አሉ። «ባጃጅ ስንት ቀን ቢጮህ የተኛ ሰው ያስነሣል? ይሄ ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር አራስ ሳይቀር ጠርጎ አመጣልን። ጥሩምባው የሱ ነው። ሰዓዳ ሰፊውን ትላክ። ነገር ግን፣ ሙሄ፣ ከእንግዲህ ስለ ዕቃ ስልክ አትደውልም፤ አስማረ ይደውል።»

«እሺ» አለ አያ ሙሄ። ጥሩምባውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና ባለችው አንድ ጥርስ ሳቀ። ዘግይቶ የደረሰ አንድ የታች ሰፈር ሰው፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲስቅ ቢያይ ግራ ገባውና፣ «እናንተ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ጦይባም የለቅሶውን ይሁን የሳቁን ያልታወቀ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ «ምን እንሆናለን ልጄ፤ የብስክሌቱን ጥርስ ቢጠይቁት፣ የራሱን ቆጠረ» አሉት።